የተረታ ሰው ውሃ

ይርዳው፣ ጥያቄህ አጭር ነው፤ መልሱ ግን ትንሽ ያስቀምጥሃል። ቁጭ በል፣ ጊዜህን የማያስቆጭ ነገር ልንገርህ። የዕቁባችን ዳኛ ሆነህ ከተመረጥክ ወር አልሞላህም። በዕጣ ተራ ከተጣሉት ከሁለቱ አንዱ አዲስ ጫማ ሊገዛልህ ፈልጓል፤ አንተም «ፍርዴ ካልተጣመመ ብቀበል ምን አለበት?» አልከኝ። ስማ እንግዲህ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ዳኝነት ነበር። የጀመረው ግን ወንበር ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ነው፣ መንታ መንገድ ላይ ባለች ሾላ ሥር። በዚያ ደግ ዘመን የተጣሉ ሰዎች የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ እንደተቆራኙ ይመጡለት ነበር። «አንተ ውሸታም!» «አንተ የውሸታም ልጅ!» እየተባባሉ ይመጣሉ፤ ቋጠሮውን ግን አንዳቸውም አይፈቱም። መፍታት ከሕግ መሸሽ ነዋ!

ይህ ዳኛ አንድ ልማድ ነበረው። ሳይፈርድ ከማንም እጅ ምንም አይቀምስም፤ ፀሐይ አናቱን ቢበሳው፣ ጉሮሮው ቢደርቅም አይቀምስም። ከፈረደ በኋላ ግን ወደ ተረታው ዞሮ «በል ወንድሜ፣ ውሃ አጠጣኝ» ይላል። ለምን ከተረታው? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የረታማ ጠላም ይቀዳል። የተረታ ሰው የውሃ ቅሉን ካቀበለህ ግን ፍርዱ ሆዱ ገብቷል ማለት ነው። በበሬ ነገር የተረታ አንድ ገበሬ «እንኩ እንግዲህ፤ በሬዬ ሄዷል፣ ውሃዬም ይሂድ!» ብሎ አገሩን አስቆ ነበር። ዳኛውም ስቆ ጠጣለት።

ስሙ ወጣ። ሹመት በሹመት ላይ ተደረበለት፤ ከሾላው ጥላ ወደ አዳራሽ፣ ከድንጋዩ ወደ ትልቁ ወንበር ተሻገረ። እዚያ ውሃ በብርሌ የሚያቀርብለት አሽከር ነበረውና ቅሉ ተረሳ። ዕድሜም መጣ፣ ጉልበቱ እንቢ አለ። ይሄኔ ከአንዲት መበለት ጋር በድንበር የሚከራከር ባለጸጋ ሰጋር በቅሎ ከነኮርቻዋ ላከለት። «ለጉልበትዎ ነው እንጂ ለፍርድዎ አይደለም» አለው። ዳኛውም አሰበ፤ መሬቱ በእርግጥ የባለጸጋው ነው፤ በቅሎዋ መጣች ቀረች ፍርዱ ያው ነው። ተቀበለ። እንደ እውነቱም ፈረደ።

ወሬው የበላዮች ጆሮ ገባ፤ መርማሪዎች መጡ። የዕድሜ ልክ ስሙ በአንዲት በቅሎ ጀርባ ላይ ተጫነ። መርማሪዎቹ ምስክር ሰሙ፣ ድንበሩን በእግራቸው ዞሩት፤ በመጨረሻም በአደባባይ «በቅሎዋ ለባለቤቷ ትመለስ፤ ፍርዱ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ወንበርዎም ይጸናልዎታል» አሉት።

ደስታው ዳኛውን ወደ ሾላው ዘመን መለሰው። ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ተረታችው መበለት ዞረ፤ ቅሏን እንዳነገተች ቆማለች።

«በይ ልጄ፣ ውሃ አጠጪኝ» አላት።

አልተቆጣችም። «አባቴን ያስታውሱታል?» አለችው። «ሾላው ሥር ፈርደውበት ነበር። ውሃ አጠጥቶዎት እያፏጨ ቤቱ ገባ። እኛ ስናለቅስ ‹እሱ ካለ አለቀ› ብሎ ለጥ ብሎ ተኛ። እኔም እንደሱ መተኛት ነበር ያማረኝ፣ ጌታዬ። ፍርዱ ልክ ነው አሉኝ፤ ይሆናል። ግን እውነቱ ነው የረታኝ ወይስ በቅሎዋ? እኔ በምን ልወቅ?»

ቅሏን ወደ ጀርባዋ አዞረችው።

ዳኛው ካባውን አወለቀ፣ ወንበሩ ላይ አኖረና ወጣ። «ነጻ ነዎት እኮ!» ብለው ጮኹበት፤ ዞሮም አላየ። እያነከሰ ሾላዋ ድረስ በእግሩ ሄደ። ድንጋዩን ሣር ውጦታል። ሣሩን ገልጦ ተቀመጠ። ነጠላቸውን የቋጠሩ ሁለት ሰዎች እየተሰዳደቡ መጡ፤ አዩት፤ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ሌላ ዳኛ ፍለጋ አለፉ።

ይርዳው፣ ያ ዳኛ አንተ ነህ አላልኩም፤ አንተ ገና ድንጋዩ ላይ ነህ። ጫማው ግን በቅሎዋ ነው። ፍርድህ ባይጣመም እንኳ ጫማው የተረታውን ሰው የሚያሳርፈውን እምነት ይወስድበታል። ሰው መረታትን ይችላል፤ የማይችለው በምን እንደተረታ አለማወቅን ነው።

እኔንም አትመነኝ። ነገ በድሮው ጫማህ ሂድና በሁለቱ መካከል ፍረድ። ከዚያ የረታውን ተወውና ከተረታው ውሃ ጠይቅ። ሂድ፣ ሞክራት።