የወይዘሮ ያልጋነሽ ሙሾ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወይዘሮ ያልጋነሽ የሚባሉ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ካህኑ ይላካል፤ ቀጥሎ ወደ እሳቸው። እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ እንባው አይወጣም ይባል ነበር።

አራት ልጆች ነበሯቸው። ሦስተኛው ልጅ ይበልጣል፣ በሃያ አራት ዓመቱ፣ ከወንዝ አሸዋ ሲያወጣ ዳሩ ተደረመሰበትና ሞተ። ሬሳው ቤት ሲገባ ወይዘሮ ያልጋነሽ ለሰው ሲያወርዱት የኖሩትን ሙሾ ለገዛ ልጃቸው አወረዱት። እስከ ቀብር ድረስ አላቋረጡም። ከዚያ ሁሉ ግጥም ለቀስተኛው ይዞ የተመለሰው ይቺን ብቻ ነው፦

ይበልጣል ያልኩህ በዕድሜ እንድትበልጠኝ፣
ለካ ወደ አፈር ነው ቀድመህ የበለጥከኝ።

የቀሩት ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ችሎታ ነበራቸው። ታላቁ ሙሉሰው ሠርግና ክርስትና እየቀረጸ የሚያድር የቪዲዮ ባለሙያ ነው፤ ጆሮው ድምፅ ያውቃል። መካከለኛዋ እናኑ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከዚያ በተረፋት ሰዓት በአሮጌ ላፕቶፕ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች። ትንሹ አዝመራው ደግሞ አንደበት አለው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር በጽሑፍ አውርቶ ወዳጅ ያደርጋል።

እናኑ ሦስት ዓመት የለፋችበት ጌም «ባዶ ቤት» ይባላል። የሚያስፈራ ጌም ነው። ተጫዋቹ ኩራዝ ይዞ አንድ የተዘጋ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ክፍሎቹ ውስጥ የማትታይ ሴት ትመላለሳለች፤ ሳትደርስበት የበሩን ቁልፍ ማግኘት አለበት። ጨርሳ በኢንተርኔት ስትለቀው የሚጫወቱት ሰዎች አስተያየት መጻፍ ጀመሩ።

«ቤቱ ጥሩ ነው፤ ጨለማው ጥሩ ነው። ሴትዮዋ ግን ታስቃለች» አለ አንዱ።

«ድምፅዋ የታነቀች ፍየል ይመስላል» አለ ሌላው።

ያ ድምፅ የእናኑ የራሷ ነበር፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ የቀዳችው። አልተቀየመችም። ለእያንዳንዱ፣ በአዝመራው እጅ፣ «እናመሰግናለን፤ እናስተካክላለን» የሚል መልስ አስጻፈች። አስተካክላም ለቀቀች። አሁንም ሳቁ። ደግማ አስተካከለች። በመጨረሻ አንድ ተጫዋች እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እህቴ፣ ሴትዮዋ ማስፈራራት ነው የምትሞክረው። ምንም ነገር ያጣች ሴት አትመስልም።»

እናኑ ይህን አንብባ ሁለት ቀን ጌሙን አልነካችም። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑ ውስጥ የታላቅ ወንድሟን የሙሉሰውን ፋይሎች ከፈተች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉሰው ያን የለቅሶ ቀን ስልኩን በደረት ኪሱ አድርጎ የእናቱን ሙሾ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀድቶት ነበር። ማንንም አላስፈቀደም። «እንዲህ ያለ ነገር አፈር ሊበላው አይገባም» ብሎ አስቦ ነው። ስልኩ ስላረጀ፣ እንዳይጠፋ ብሎ፣ በእናኑ ላፕቶፕ ላይ አስቀመጠው፤ «ማንም እንዳይከፍተው» አላት።

እናኑ ከፈተችው። ቆርጣ ቆርጣ ቀጠለችው፣ አዘገየችው፣ አንዳንዱን ከኋላ ወደ ፊት አስኬደችው፤ የማትታየዋ ሴት አፍ ላይ አደረገችው። ሙሉሰው ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«እማዬን ጠየቅሻት?»

«ብጠይቃት እምቢ ትለኛለች» አለች እናኑ።

እሱም ዝም አለ። ዝም ማለቱንም ያዙልኝ።

ጌሙ በአዲሱ ድምፅ ሲወጣ የሳቀ አልነበረም። «መብራት አብርቼ ነው የጨረስኩት» የሚል መጣ። «ይቺ ሴት ማናት? የምታለቅሰውስ ለማን ነው?» የሚል በረከተ። ጥያቄው ለአዝመራው ደረሰ። እናኑ «ባለሙያ ናት በላቸው» አለችው። አዝመራው ግን መዋሸት አልሆንልህ አለው። «የእናታችን ድምፅ ነው። የምታለቅሰው ለሞተው ወንድማችን ነው» ብሎ ጻፈ። ያ መልስ ከጌሙ በላይ ተዛመተ። ከአገር አገር ዞሮ፣ ዞሮ፣ ፍኖተ ሰላም ገባ።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ያልጋነሽ ከገበያ ሲመለሱ፣ ወጣቶች ጌም በሚጫወቱበት አንድ ቤት በር በኩል አለፉ። ከውስጥ ሲቃ ሰሙ። ቆሙ። የገዛ ሲቃቸው ነው። ከዚያ ወጣቶቹ በአንድ ላይ ጮኹ፦ «መጣች! አሮጊቷ መጣች! ሩጥ! ሩጥ!» ሳቁም ተከተለ።

ከወጣቶቹ አንዱ ዞር ሲል በሩ ላይ አያቸው። እጁ ላይ የነበረውን አስቀመጠ።

«ዝም በሉ» አለ። «እሳቸው ናቸው።»

ወይዘሮ ያልጋነሽ ዘንቢላቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ጎረቤት ሞቶ ተላከባቸው፤ ሄዱ፤ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡና ለቅሶው እስኪያልቅ አንዲት ቃል አላወጡም።

«ምነው እትዬ ያልጋነሽ?» አሏቸው።

«ድምፄን ልጆቼ ወስደውታል» አሉ።

ወሬው ለሦስቱም በአንድ ሰዓት ደረሰ፤ ሦስቱም በየፊናቸው ቆረጡ።

ሙሉሰው «የኔ መቅዳት ነው ይህን ሁሉ ያመጣው» አለና ዋናውን ቅጂ አጠፋው። ከላፕቶፑም ከስልኩም። መልሶ እንዳይገኝ አድርጎ አጠፋው። ሲጨርስ እጁን እንደ ታጠበ ሰው ሆነ።

እናኑ «የኔ ሥራ ነው ያዋረዳት» አለችና ድምፁን ከጌሙ አወጣችው። ማሻሻያውን በለቀቀች ቀን የየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ያለችው ሴት ዲዳ ሆነች። ተጫዋቾቹ «ጌሙን ገደልሽው» ብለው ጻፉ፤ ብዙዎቹም ትተዋት ሄዱ። ለነዚህ መልስ አላስጻፈችም።

አዝመራው ደግሞ «እኔ እውነቱን ባልናገር ኖሮ እማዬን ማንም አይጠቁማትም ነበር» ብሎ አለቀሰ። እህቱ ግን «አንተ ጋ ያለውን የጌሙን ቅጂም አጥፋው» ስትለው እምቢ አለ።

«እታለም፣ የሞተው ወንድሜም ነው» አላት። ጌሙ ውስጥ የነበረውን፣ የተቆራረጠውንና የተጎተተውን ድምፅ፣ በፍላሽ ገልብጦ ደበቀው። ለማንም አልተናገረም።

ሁለት ወር አለፈ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ልጆቻቸውን አላናገሩም፤ ምሳ ያቀርቡላቸዋል፣ ዞር ይላሉ። የይበልጣል ሙት ዓመት ሲቃረብ ግን ሦስቱንም ጠሩና አስቀመጧቸው።

«ለሰው ያወረድኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ» አሉ። «ለልጄ ያልኩትን ግን አላስታውሰውም። ያን ቀን ራሴን አላውቅም ነበር። ሰዎች የነገሩኝ አንዲት ስንኝ ናት። በየስሙ ጠርቼዋለሁ አሉኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሬ አንስቼዋለሁ አሉኝ። ቀድታችሁታል አይደል? እስቲ ላድምጠው።»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«ሙሉሰው፣ አንተን ነው።»

«አጠፋሁት እማዬ።»

«ማን አጥፋ አለህ?»

«ለአንቺ ብዬ…»

«እኔ አጥፋ አልኩህ?»

እናኑ ከጌሙ ማውጣቷን ተናገረች። የቆረጠችበትን ፋይልም አብራ ጥላዋለች። እናትየዋ ፊታቸውን አዞሩባት። በዚህ ጊዜ አዝመራው ተነሥቶ ፍላሹን አመጣ። ላፕቶፑ ላይ ሰካው፤ ድምፁን ከፍ አደረገው።

ወይዘሮ ያልጋነሽ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። አንድ ወፍራም፣ የተጎተተ ነገር ሲያቃስት ተሰማ። ሲቃው የሳቸው ነው፤ ቃል ግን አይለይም፤ ስም አይለይም። እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይቺ ሴት ማናት?» አሉ። «እኔ አላውቃትም።»

ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው የንስሐ አባታቸው መጡ። «ያልጋነሽ፣ ቂም ይዘሽ ልትጾሚ አይገባም። ልጆችሽ ናቸው፤ ይቅር በያቸው» አሏቸው።

«አባ፣ በአፌማ ሦስቱንም ይቅር እላለሁ» አሉ ወይዘሮ ያልጋነሽ። «ልቤ ውስጥ ያለው ይቅርታ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ነው። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ይኸው ነው። ላልተረፈኝ ነገር መዋሸት እፈራለሁ።»

ካህኑ ሦስቱን ልጆች ጠርተው በየተራ እንዲናገሩ አደረጉ።

ሙሉሰው እንዲህ አለ፦ «የቀዳሁት ከፍቅር ነው። ያጠፋሁትም ከፍቅር ነው። ከቃልሽ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ዝና አልፈለግሁም። ብቻ ሁለቱንም ጊዜ አልጠየቅሁሽም።»

እናኑ እንዲህ አለች፦ «እኔ ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት፤ እያወቅሁ ነው። ሰዎች እውነተኛ ሐዘን አምጪ አሉኝ፤ እኔ የማውቀው እውነተኛ ሐዘን ያንቺን ነው። ግን አሳልፌ የሰጠሁት ነገር አለ፤ ሦስት ዓመቴን በገዛ እጄ ገድዬዋለሁ። አላስመሰልኩም እማዬ።»

አዝመራው እንዲህ አለ፦ «እኔ አልቀዳሁም፤ አልቆረጥኩም። እውነት ተናገርኩ፤ እውነቱ አንቺን ሰፈር ፊት አቆመሽ። ሁሉም ሲያጠፋ ያላጠፋሁትም እኔ ነኝ። ያተረፍኩት የተበላሸውን ነው፤ ግን ያተረፍኩት እኔ ነኝ።»

ካህኑ «እኔም መፍረድ አልቻልኩም» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ሦስቱን ልጆቻቸውን በየተራ አዩ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከሦስቱም ፊት ላይ የይበልጣል ግንባር ይታያል።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ጊዜ አላችሁና አትቸኩሉ። ሳያስፈቅድ ቀድቶ ሳያስፈቅድ ያጠፋው ታላቁ ነው? እያወቀች አዋርዳ እያወቀች የከሰረችው መካከለኛዋ ናት? ወይስ እውነቱን ተናግሮ ያጋለጣቸውና የተበላሸውን ይዞ የቀረው ትንሹ? ወይዘሮ ያልጋነሽ ያቺን አንዲት ይቅርታ ለማን ይስጡ?