ዜሮ ሄክታር

ቆዩ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ስሙኝና ኋላ ትስቃላችሁ። አንድ የመሬት ሹም ነበር፤ የገበሬውን መሬት ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ ብሎ በሬ አርዶ ደገሰ። ኮምፒውተሩ ግን፣ እኔ ምኑን አውቄው፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲይዝ አድርገውት ኖሯል፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል አሉ። ሦስት ሄክታር ተኩል ያለው ሦስት ተጻፈለት፤ አጉረመረመና ቻለው። ሩብ ሄክታር ብቻ ያላት አንዲት ባልቴት ግን ዜሮ ወጣላት። ጉሮሮዋ እኮ ያችው መሬት ናት!

ሹሙ ይህን ሲያይ አዘነ? ምን ሲደረግ! መንገድ ዳር ናት፣ የእንግዳ ማረፊያ እሠራባታለሁ ብሎ፣ ችካልና ሽቦ አሸክሞ ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርቷን ስትኮተኩት ደረሰባት።

«ተነሺ ከዚህ!» አላት። «ኮምፒውተሩ መሬትሽን ዜሮ ብሎታል።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሩብ ሄክታሬስ?»

«እሱ ከነጥብ በኋላ ስለሆነ ተጥሏል። ኮምፒውተር አይሳሳትም። ደግሞስ ከዜሮ ላይ ምን ተወሰደብኝ ብለሽ ልትከሺኝ ነው?»

ችካል ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ዶማዋን ተደግፋ ቀና አለችና፦

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ እኔ ከኮምፒውተር ጋር አልጣላም። ይችን የቆምንባትን ዜሮ ለእኔ ይተዉልኝ፤ ትበቃኛለች። እርስዎ ደግሞ ኮምፒውተሩ የጣላትን ሩብ ሄክታር ከጣለበት ሄደው ይፈልጓትና፣ ችካልዎን እዚያ ይትከሉ።»