ሽማግሌዎቹን ያስቆመው ላቲን

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። የልጅቷም አልነበረም። ጥፋቱ የአባትየው ነው።

አንድ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ጥብቅና ቆሞ ጡረታ ወጥቷል። ከሕግ ትምህርቱ አብዝቶ የወደደው የላቲን አባባሎቹን ነው። ሚስቱ ደብሪቱ ወጡ ላይ ጨው ሲበዛባት፣ "ኤራሬ ሁማኑም ኤስት፣ መሳሳት የሰው ነው" ይላታል። ወጡን ግን አይበላም።

ይህ ሰው ትርሲት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ይበልጣል የሚባል መምህር ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። እንደ ወጉም ሦስት ሽማግሌ ላከ። ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ "እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል። አባት ትንሽ ይግደረደራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። በእነሱ ሰፈር ግን ምልልሱ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው እሺ ካልተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ አራተኛ ልመና የለም።

በመጀመሪያው እሑድ የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ዳምጤ ጉዳዩን አስረዱ። አባት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፌስቲና ሌንቴ! ቀስ ብለህ ፍጠን ይላሉ ጥንታውያን ሮማውያን። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ተመለሱ።

"አውዲ አልቴራም ፓርቴም! ሌላውን ወገን ሳትሰማ አትፍረድ።"

አቶ ዳምጤ ግራ ገባቸው። "ሌላው ወገን እኮ እኛ ነን! ይኸው እየሰሙን ነው!"

"ቢሆንም" አለ አባት። "ሁለት ሳምንት።"

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። ትርሲት ጓዳ ሆና፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች፤ የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣማ። ዛሬ ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ይበልጣልን እንደምታጣው ታውቃለች።

"ቬርባ ቮላንት፣ ስክሪፕታ ማኔንት" አለ አባት። "ቃል ይበራል፣ ጽሑፍ ይቀራል። እስቲ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ..."

"ይስሙኝ ወንድሜ" አሉ አቶ ዳምጤ፤ "የምንጠይቀው ልጅዎን ነው ወይስ የግንባታ ፈቃድ? ጉልበቴ ከዳኝ እኮ! ለመሆኑ እነዚህ ሮማውያንዎ ልጅ ድረው ያውቃሉ?"

ሦስቱም ሊሄዱ ወደ ውጭው በር ዞሩ።

ያን ጊዜ ትርሲት በቤት ልብሷ ከጓዳ ወጣች።

"አባባ፣ ቢስ ዳት ኩዊ ቺቶ ዳት። ትርጉሙ ምንድን ነው?"

የአባት ፊት በራ። ልጁ ላቲን ጠየቀችው! "ቶሎ የሰጠ፣ ሁለት ጊዜ ሰጠ።"

"አንተ አራት ሳምንት ሞላህ። ስንት ጊዜ ሰጠህ?"

ትርሲት ወደ ሽማግሌዎቹ በእጇ አመለከተች።

"ካልወደድከው ንገራቸውና ይሂዱ።"

"ማን ነው አልወደድኩትም ያለው? ገና ከመጀመሪያው ቀን ወድጄዋለሁ!"

"ለማን ነገርክ ታዲያ?" አለች ደብሪቱ። "አንተ ሰውዬ፣ 'እሺ' ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?"

ወገኖቼ፣ ሳቃችሁ። ጥሩ፤ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ሰውየው የተናገረው አባባል ሁሉ እውነት ነበር። ቀስ ማለት ጥሩ ነው። ሌላውን መስማት ጥሩ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው? እውነቱን መደበቂያ አደረገው። ልቡ "እሺ" ካለ ወር ሆኖታል፤ አፉ ግን ጥበብ ያወራል።

እናንተስ? በልባችሁ ይቅር ያላችሁት፣ ግን ያልነገራችሁት ወንድም የለም? ዓመት ሙሉ ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው። ልባችሁን ማንበብ አይችልም! እናታችሁን ትወዷታላችሁ። ታውቃለች? እግዚአብሔር "አገልግሉኝ" ብሏችሁ "እሺ" ብላችሁታል፤ ግን መቼ ነው የምትጀምሩት?

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። "ለሁሉም ጊዜ አለው" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለው። የቆመው ሰው ግን ጉልበት የለውም። ስለዚህ "እጸልይበታለሁ" አትበሉኝ፤ ይህን ጉዳይ ጸልያችሁበታል። አሁን ሂዱና ንገሩት። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት።

መጨረሻውንማ ሳትሰሙ አትሄዱም።

አባት "እሺ" አለ። በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ። አቶ ዳምጤ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ደብሪቱ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከጎረቤትም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሏት። ትርሲት እየሳቀች አለቀሰች።

አባት ግን አልተቀመጠም። "ልጁ የት ነው?"

"ማዞሪያው ጋ፣ ሻይ ቤት" አለች ትርሲት። "ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው። ስምንተኛ ሻዩን አዟል።"

"እደውልለታለሁ" አሉ አቶ ዳምጤ ኪሳቸውን እየዳበሱ።

"የለም! እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው።"

"ኧረ ጫማ አድርግ!" ጮኸች ደብሪቱ። "ዝናቡን አታይም?"

አባት በነጠላ ጫማው እየሮጠ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ድው አድርጎ ዘጋው።