ሞላው አጠረ፣ ሐይቁ ራቀ

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ዓሣ ነው፤ ያውም ገና ካልተበላ ዓሣ።

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ፣ ጋሽ ቦጋለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በዓሣ ጀልባ ላይ የሞተር ነጂ ሆነው ሠርተዋል። ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ወዲህ ግን ስምንት ወር ሙሉ ከግቢያቸው አልወጡም። ሴቻ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሐይቁ ከበራቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያዩታል፤ አይደርሱበትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸውን ፍሬውን ጠሩና፣ «ሐኪሙ የሚለኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። አሁን እኔ አንድ ነገር ልበል። ሐይቁ ዳር ወርጄ አንድ ቆሮሶ ዓሣ በሚያቃጥል ዳጣ ልብላ» አሉ።

«ምን ችግር አለው አባባ፤ መኪና አለን» አለ ፍሬው።

መኪና አለን ማለቱ ውሸት አልነበረም። ፍሬው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው፤ በቅርቡ አንዲት ነጭ አሮጌ አውቶሞቢል ገዝቷል። ለአባቱ ያልነገራቸው ግን አንድ ነገር ነበር። በዚያ ሰሞን ሐዋሳ ሄዶ ደረታቸው አስፋልቱን ሊነካ ጥቂት የቀራቸው መኪኖች አይቶ ነበር፤ ሲመለስ የራሱ መኪና እግሯ ያለቅጥ የረዘመ ፍየል መስላ ታየችው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ መኪናዋን የሚሸከም አጭር ጥምዝምዝ ሞላ ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢል ዋጋው አልቀመስ አለ። ያን ጊዜ ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛው ምንቴ፣ «አንተ ደግሞ! ከሞላው ሁለት ዙር ቆርጦ መጣል እያለ?» አለው። ግራይንደሩን አስነሣ። ከፊት ሞላዎች ሁለት ሁለት ዙር ተቆርጦ ወደቀ። መኪናዋ አራት ጣት ዝቅ አለች። ፍሬው ዞሮ ዞሮ አያት፤ አማረችው። ይህ በሆነ በሦስተኛው ቀን ነው እንግዲህ አባቱ ዓሣ ያማራቸው።

ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ወጡ። የሰፈሩ መውጫ ላይ ያለው ፍጥነት መቀነሻ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ሆዷን ገጭ አደረገች። ጋሽ ቦጋለ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«አይዞዎት አባባ፤ ከዚህ በኋላ ልሙጥ አስፋልት ነው።»

ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ግን አንድ ጉድጓድ ነበር። የቀኙ ጎማ ገባና ወጣ። ሲወጣ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ተንሸራተተ፤ ከሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፍሬው ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ሳበች። መሪውን ወደ ግራ ሊመልስ ቢታገል ጎማው ከላዩ በሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ ተወትፎ አልዞር አለው። እጁ ላይ ያለው መሪ የሰው መሪ መሰለው። መኪናዋ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ቀጥሎ ጋሽ ቦጋለ፣ «ሞተሩን አጥፋ» አሉ። በሩን ከፍተው፣ በሩንም ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ሠላሳ ዓመት ውሃ ላይ ስኖር ሐይቁ ሊገድለኝ ሲል አይቻለሁ» አሉ። «ልጄ ሊገድለኝ ሲል ግን ዛሬ ማየቴ ነው። እቺ መኪና ካልዳነች ሁለተኛ አልገባባትም።»

የሚያውቃቸው ባለ ሚኒባስ አገኛቸውና ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ወደ ቤት መለሳቸው። «ለዓሣው እኔ ልውሰድዎት» ቢላቸው፣ «በልጄ መኪና ወጥቼ በሰው መኪና ልድረስ? ይቅር» አሉት። ሽማግሌው አልገባም አሉ፤ ዓሣውም ሐይቁ ዳር ቀረ።

ሰኞ ዕለት ፍሬው ሞላውን ወደ መቀመጫው አስመልሶ፣ እንደ ኤሊ እየተሳበ ሲቀላ ወረደ። ፓራፋንጎው ውስጥ ሲታሽ የተላጠው ጎማ ነውና የሚታየው፣ በቀጥታ የሄደው ኡመር የሚባል ጎሚስታ ዘንድ ነው። «አዲስ ጎማ ግጠምልኝ» አለው። ኡመር ጎንበስ ብሎ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሽቦው ብቅ ብቅ ብሏል።

«አልገጥምም» አለ። «እግሯ ተንሻፍፏል። አዲስ ጎማ ባስርባት ይህንንም ትበላዋለች፤ ከዚያ ኡመር መናኛ ጎማ ሸጠልኝ ትላለህ። መጀመሪያ አላይመንት አሠራ፤ እግሯ ይቅና።»

ጎሚስታው ጎማ አልገጥምም አለ፤ ሽማግሌው አልገባም አሉ፤ ዓሣውም ሐይቁ ዳር ቀረ።

አላይመንት የሚሠራው ጌታሁን ይባላል። ጥቂት ተናጋሪ ሰው ነው። መኪናዋን ፊቷን ይዞ ወደ ታች ገፋት፤ ለቀቃት። መኪናዋ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ማለቷን ቀጠለች።

«ንጥረቱን የሚያበርደው ሾክ ሞቷል» አለ። «ዘይቱን ተፍቶታል። በሞተ ሾክ ላይ የተሠራ አላይመንት እዚያ ማዶ እስክትደርስ ነው። አልሠራም፤ ሾክ ለውጥ።»

አላይመንት ሠሪው አልሠራም አለ፤ ጎሚስታው ጎማ አልገጥምም አለ፤ ሽማግሌው አልገባም አሉ፤ ዓሣውም ሐይቁ ዳር ቀረ።

መለዋወጫ የምትሸጠው ሰናይት ናት። ሱቋ እስከ ጣሪያው ድረስ በካርቶን የተሞላ ነው፤ እሷ ግን ሳታይ እጇን ሰድዳ የፈለገችውን ታወጣለች። የሾኩን ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና፣ «የድሮው ምን ሆኖ ተበላሸ?» ስትል ጠየቀችው። ፍሬው መዋሸት ይችል ነበር። ምላሱ ላይ መጥቶለት ነበር። ያ ገደል ትዝ ሲለው ተወው።

«ሞላውን አስቆርጬው ነበር» አላት።

ሰናይት ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰች። «እንግዲያው አልሸጥልህም። ሾክ የሚሠራው ለሙሉ ሞላ ነው። ባጠረ ሞላ ላይ ከገባ ጉድጓድ ባገኘህ ቁጥር ታች ድረስ ይመታል፤ ብዙ ሳይቆይ ይፈነዳል። መጀመሪያ ሞላህን ሙሉ አድርግ።»

ሰናይት ሾክ አልሸጥም አለች፤ አላይመንት ሠሪው አልሠራም አለ፤ ጎሚስታው ጎማ አልገጥምም አለ፤ ሽማግሌው አልገባም አሉ፤ ዓሣውም ሐይቁ ዳር ቀረ።

ፍሬው ወደ ሴቻ ተመልሶ ምንቴ ብየዳ ቤት ገባ። የተቆረጡት ዙሮች እዚያው ጥግ ላይ ወድቀዋል። አነሣቸውና፣ «የቆረጥከውን ቀጥልልኝ» አለው።

ምንቴ ስለ ቁልቁለቱ ሰምቶ ኖሮ ቀና ብሎ አላየውም። «መቁረጥ እችላለሁ፤ መቀጠል አልችልም» አለ። «ብየዳ የገባበት ሞላ አንድ ቀን ከመሃል ቀንጠስ ይላል። ባለፈው ሳላውቅ አጠፋሁ፤ ዛሬ እያወቅሁ አላጠፋም። አልበይድም። ይልቅ እትዬ አስካለ ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ ልክ እንደ አንተ ያለች መኪና ቆማለች። ሞላዋ አልተነካም።»

ምንቴ አልበይድም አለ፤ ሰናይት ሾክ አልሸጥም አለች፤ አላይመንት ሠሪው አልሠራም አለ፤ ጎሚስታው ጎማ አልገጥምም አለ፤ ሽማግሌው አልገባም አሉ፤ ዓሣውም ሐይቁ ዳር ቀረ።

እትዬ አስካለ ከእነ ፍሬው ቤት ሩቅ አይደሉም፤ ቅያሱ መጨረሻ ላይ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ዘካርያስ ከስድስት ወር በፊት ሞተዋል። መኪናዋ የእሳቸው ነበረች፤ ሞተሯ ከወለቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ቅጠል ለብሳ ቆማለች። ፍሬው ጉዳዩን ሲያስረዳ ሴትየዋ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሊፈቅዱለት ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ የማያውቁት መስለው «የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የጋሽ ቦጋለ።»

የእትዬ አስካለ ፊት እንደ በር ተዘጋ።

«ዘካርያስና አባትህ ሃያ ዓመት በአንድ ጀልባ ሠርተዋል» አሉ። «ዘካርያስ ሲሞት አባትህ ለቀብር አልመጣም። ለሠልስት አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም።»

«እትዬ፣ ወገባቸውን ታመው...»

«አውቃለሁ። ወገቡን ታሟል። አፉንም ታሟል? ስልክ አይደውልም? ሞላውን አልሰጥም። ከፈለገ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ።»

ፍሬው ቤት ሲገባ አባቱ ትራስ ተደግፈው ሐይቁን እያዩ አገኛቸው። እግራቸው ሥር ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። እትዬ አስካለ ሞላውን አልሰጥም አሉ፤ ምንቴ አልበይድም አለ፤ ሰናይት ሾክ አልሸጥም አለች፤ አላይመንት ሠሪው አልሠራም አለ፤ ጎሚስታው ጎማ አልገጥምም አለ፤ «እርስዎም አልገባም አሉ፤ ዓሣውም ሐይቁ ዳር ቀረ።»

«አስካለ ምን አለች?» አሉ ጋሽ ቦጋለ። ከሰሙት ሁሉ የያዙት እሱን ብቻ ነበር።

«ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ አሉ። እንዴት ይሄዳሉ? ሞላ ከሌለ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ እርስዎ አይሄዱም፤ እርስዎ ካልሄዱ ሞላ የለም።»

«የዘካርያስን መሞት የነገራችሁኝ ከተቀበረ ከወር በኋላ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይደነግጣል ብላችሁ ደበቃችሁኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል? ዛሬ ነገ ስል አፈርኩ። ሲቆይ ደግሞ ባሰ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ምርኩዜን አምጣ።»

«አባባ፣ በእግር?»

«በመኪና እንዳልልህ መኪናህን ቆርጠሃታል።»

ጤነኛ ሰው በአምስት ደቂቃ የሚሄደው መንገድ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንድ ጊዜ የጎረቤት አጥር ይዘው ቆሙ። አንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፍሬው ክንዳቸውን ይዟል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሲያማቸው በእጁ መዳፍ ይሰማዋል። ቁልቁለቱ ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራም ነበር።

«ለመልክ ብዬ ነው አባባ ያስቆረጥኳት» አለ መሃል መንገድ ላይ።

«ዝም ብለህ ያዘኝ» አሉት።

እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ቀና ሲሉ ቅያሱን የሚያቋርጠውን ሰው አዩ። ጎመኑ ከጭናቸው ወደቀ።

«ቦጋለ! በእግርህ? በዚያ ወገብህ?»

ጋሽ ቦጋለ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስለ ሞላ አንዲት ቃል አልተናገሩም። «አስካለ፣ ነፍስ ይማር» አሉ። «ዘግይቻለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል።» ሴትየዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። የስድስት ወር ለቅሶ በዚያ ደጃፍ ላይ ተለቀሰ፤ ፍሬው የሚገባበት ጠፍቶት ማንጎው ሥር ሄዶ ቆመ።

ሲበቃቸው እትዬ አስካለ ፊታቸውን ጠረጉና ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ምን ትገተራለህ? ፍታና ውሰዳ!»

እንግዲህ እትዬ አስካለ ሞላውን ሰጡ። ሞላው ሙሉ ነውና ምንቴ ብየዳውን ተወት አድርጎ በገዛ እጁ ገጠመው። ሞላው ተገጥሟልና ሰናይት ካርቶኑን አወረደች፤ ሾኩን ሸጠች። ሾኩ ገብቷልና ጌታሁን ሳይናገር አላይመንቱን ሠራ። እግሯ ቀንቷልና ኡመር ጎማውን ገጠመ። ጎማው ተገጥሟልና ፍሬው ብቻውን ቁልቁለቱን ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። መኪናዋ ድናለችና ሽማግሌው ገቡ።

ምንቴ የተቆረጡትን ዙሮች በሚስማር ግድግዳው ላይ ሰቅሏቸዋል። መኪናውን ዝቅ ማድረግ የፈለገ ሁሉ ሲመጣበት የተሰቀለውን ያሳየዋል፤ «ሌላ ሰው ጠይቅ» ይለዋል። ሰዎቹ ሌላ ሰው ይጠይቁ ይሆናል፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ወደ ሐይቁ ወረዱ። እትዬ አስካለ ከኋላ ተቀምጠዋል። ፍጥነት መቀነሻውን ሲያልፉ መኪናዋ ቀስ ብላ ተነሥታ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ጋሽ ቦጋለ ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም። ዓሣው ተጠብሶ፣ ዳጣው ጎኑ ሆኖ መጣ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአስካለ አጎረሱ፣ ሁለተኛውን ለልጃቸው። ሦስተኛውን እሳቸው በሉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዳጣው አቃጥሏቸው ይሁን ሌላ ነገር፣ የጠየቃቸው የለም።

እኔ የያዝኩትን ተረት ለቀቅሁ፤ እናንተ ያዙት።