ከማይጠቅም ቦታ

ወገኖቼ፣ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ዘመዷ ከመካከላችሁ ይኖር ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማር፣ ያልለካችውን የማታምን ልጅ ናት። ለመመረቂያ ጥናቷ ከሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ጋር ተመደበች። እኔንና ሥዕልን ምን አገናኘን ብላ ተነጫነጨች፤ ግን ሄደች።

በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ቀለሙ ከምን እንደተሠራ መርምሪ ተባለች። አስተዳዳሪው ፈቀዱላት። መምህሯም ሥዕሉ እንዳይጎዳ ከማይጠቅም ቦታ ጥቂት ፍቀሽ ውሰጂ አሏት።

ከማይጠቅም ቦታ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ከእመቤታችን ፊት ትፋቅ? አይሆንም። ከልጇ እጅ? አይሆንም። ከሥዕሉ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ መዳፍ የማታህል፣ በጧፍ ጢስ የጠቆረች ቦታ አገኘች። ምንም አይታይባትም። እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሲት ጠዋት ጠዋት እየመጡ ያችኑ ጥቁር ቦታ ይሳለማሉ። ልጅቷ ይህን አይታ ምን አለች? የሰው ከንፈር ሥዕሉን እያበላሸው ነው አለች። እማሆይ እስኪወጡ ጠብቃ በምላጭ ፋቀች።

ላቦራቶሪ ወስዳ ፈጨችው፤ በአሲድ አሟሟችው። ቀዩ ከአፈር ነው፣ ጥቁሩ ከከሰል ነው፤ ሁሉም ተገኘ። ደስ አላት። በመጨረሻ ከቀረችው አንዲት ቅርፊት ላይ ጥላሸቱን በጥጥ ጠርጋ በማይክሮስኮፕ ብታያት፣ የሰው ዓይን ተሥሎባታል።

መምህሯ ዘንድ ሮጠች። እሳቸውም ነገሯት። ድሮ ሥዕል ያሠራ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ «አስቢኝ» እያለ፣ ትንሽ ሆኖ ይሣል ነበር። ያ ጥቁር ቦታ ሰው ነበር። ልጅቷ ፊቱን ፈጭታዋለች።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ቢሆንም ተመልሳ እማሆይ እግር ሥር ወድቃ ሁሉንም ተናገረች። እማሆይ አልተቆጡም፤ ቢቆጧት በወደደች። በልጅነታቸው እናታቸው ወደዚያ ጥግ ወስደዋቸው፣ ይህች ሥዕሉን ያሠራች ሴት ናት፣ ልጅ አልወለደችም፣ አስታዋሽ የላትም፣ አንቺ ሳሚያት እንዳሏቸው ነገሯት። ፊቷን ግን አይተውት አያውቁም። እሳቸው ሲደርሱ ጠቁሮ ነበር።

«አንቺስ አይተሻታል፣ ልጄ። ምን ትመስል ነበር?»

ምን ትበል? ፊቷ ከምን ከምን እንደተሠራ አንድ በአንድ ታውቃለች። ከሰው ሁሉ ቀርባ የነካቻት እሷ ናት።

«አላየኋትም፣ እማሆይ» አለች።

እማሆይ ወደ ሥዕሉ ዞሩ። እጃቸውን ዘርግተው የተፋቀውን ግድግዳ ዳበሱ።

«እንግዲህ የት ልሳማት?» አሉ።

ጥናቱስ? ተመሰገነ፤ ከፍተኛ ውጤት አገኘ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ ደጅ አልደረሰችም።

እናንተስ? በቤታችሁ የማይጠቅም ቦታ የቱ ነው? ጓሮ ያለችው ክፍል አይደለችም? እዚያ የተኛው ማነው? አባታችሁ አይደሉም? መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣላችሁ። ስኳራቸውን ትለካላችሁ፤ ቁጥሩን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ጎበዞች ናችሁ። ፊታቸውን ግን መቼ አያችሁ?

እኔ ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ። ለሣጥኑ የሚሆን ፎቶ ሲፈለግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆች ስልካቸውን ይከፍታሉ። የሠርግ አለ፣ የምርቃት አለ፣ የክትፎ እንኳ አለ፤ የአባታቸው የለም። ከመታወቂያው ላይ ያለችውን አሳድገው ያሳጥባሉ፤ አድጋም ትደበዝዛለች። ሐዘንተኛው ያችን ደብዛዛ ፎቶ አቅፎ ያለቅሳል። ማንን ነው የሚያለቅሰው? አላየውም እኮ።

ዛሬ መጽናኛ የለኝም፤ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። ሂዱ፣ ቤታችሁ ግቡ። የጓሮውን ክፍል መብራት አብሩና ፊታቸውን እዩ። ምናልባት አሁንም አለ።