መብራት ሲጠፋ ዘርፌ ትሰማለች

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ያንን በእጃችሁ የሚያበራውን ነገርም ወደ ኪስ ክተቱት። የማወራው ስለ ዘመዶቹ ነው፤ ሰምቶ እንዳይኮራ።

የሽቦ ዘመን ሳያልቅ፣ የኢንተርኔት ዘመን ገና ሳይጠባ፣ በሁለቱ መሃል በገባች አንዲት ክረምት፣ ሸንበቆ በር በምትባል ከተማ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ሀብት አልነበራትም። ሥልጣን አልነበራትም። የነበራት አንድ አሮጌ የስልክ ማዞሪያና ሁለት ጆሮ ነበር። በመስኖ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከማዞሪያው ፊት ትቀመጣለች፤ የደወለውን ከተደወለለት ታገናኛለች፤ ሲመሽ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ሸንበቆ በር አፋፍ ላይ ነበረች። ከአፋፉ ሥር የዝንጎ ወንዝ ነበር፤ ከወንዙ ዳር የማክሰኞ ገበያ ይቆም ነበር። ዝንጎ ክፉ ወንዝ ነው። ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ታች ፀሐይ ነው፣ ሰዉ ሽንኩርት ይመርጣል፣ በዋጋ ይከራከራል፤ ድንገት ግድግዳ የሚያህል ውሃ ይመጣል። ስለዚህ ከገበያው በላይ፣ ወንዙ ከደጋ በሚወርድበት በኩል፣ ሁለት ገደል በሚገናኙበት ጠባብ በር፣ አንዲት ጎጆ ተሠርታ ነበር። በጎጆዋ ውስጥ የሽቦ ስልክ ነበር። ያንን ስልክ የሚጠብቀው የዘርፌ ታላቅ ወንድም አያ ጓንጉል ነበር። ሞባይል እዚያ ገደል ውስጥ ጌጥ ነው፤ አይሠራም።

አያ ጓንጉል ውሃ ሲያይ የስልኩን እጀታ ያነሳል። ዘርፌ ማዞሪያው ላይ ትሰማለች። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛና የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሞላልኝ አፋፉ ላይ ወጥቶ ይነፋል። ገበያተኛው ይሸሻል። ውሃ ባይኖርም፣ አያ ጓንጉል በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ እጀታውን ያነሳና «አለሁ» ይላል። እሷም «ሰማሁ» ትላለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ወሬ የላቸውም።

አንድ ዓመት ዛፍ ወድቆ ሽቦውን በጠሰው። ነገ ይጠገናል፣ ከነገ ወዲያ ይጠገናል ተባለ። ማክሰኞ ደረሰ። ጎርፉ መጣ፤ የሚጠራ ድምፅ አልመጣም። የዘርፌ ባል ዘውገ የጨው ነጋዴ ነበር። ከነአህያው ሄደ። አስከሬኑም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ዘርፌ ያንን ሽቦ እንደ ልጇ ታየው ጀመር፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ልቧ ይደነግጥ ነበር።

እንግዲህ በዚያች ክረምት ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ለጽሕፈት ቤቱ አዲስ ስልክ አስመጣ። በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አልነበረም። አዲስ ነገር ሲያይ ግን አሮጌውን ማየት ያቅተው ነበር።

«ማዞሪያው ይነሳ፤ ሽቦው ሁሉ ይቆረጥ፤ ምሰሶው ለአጥር ይሁን» አለ።

«የወንዙስ ሽቦ?» አለች ዘርፌ።

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ ዘመኑ እኮ የሽቦ አይደለም።»

«ወንዙ ዘመን አያውቅም ጌታዬ።»

 አቶ ልሳነወርቅ አዲሱን ስልክ ሊተክል ከዋናው ከተማ የመጣውን ባለሙያ፣ አቶ ኩምሳን፣ ዞሮ አየው። ኩምሳ ከሻንጣው አንዲት ትንሽ ሳጥን አወጣ። የሽቦውን ድምፅ ተቀብላ ለኢንተርኔቱ የምታስረክብ ሳጥን ናት። «ይህችን ብናስገባ አሮጌው ሽቦ ከአዲሱ ስልክ ጋር ይነጋገራል» አለ።

«እስከ ቅዳሜ» አለ ኃላፊው። «ቅዳሜ ካልተነጋገረ ይቆረጣል።» ቀኑ ረቡዕ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። ሠራተኞቹ ማዞሪያውን ሲነቅሉ ስድሳ ጥንድ ሽቦ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ምልክት የለውም፤ ጽሑፍ የለውም። የወንዙ ሽቦ የትኛው ነው? ኩምሳ ራሱን ያዘ። ዘርፌ ምን አለች? ምንም አላለች። ጆሮዋን ሰጠች።

ኩምሳ ባትሪ ያለው የመፈተሻ እጀታ ነበረው። ስድስት ሰዓት ሲሆን እሱ ሽቦውን ይነካካል፣ እሷ ታዳምጣለች። አንደኛው ጥንድ፣ ዝም። ሁለተኛው ጥንድ፣ ዝም። አሥረኛው፣ ሃያኛው፣ ሠላሳኛው፣ ዝም። አርባኛው ላይ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። አያ ጓንጉል መልስ አጥቶ ዘግቶ ይሆናል። ያን ቀን ዘርፌ እህል አልቀመሰችም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቀሩት ሃያዎቹ ጀመሩ። አርባ አንደኛው፣ ዝም። አርባ አምስተኛው፣ ዝም። ሃምሳ ሦስተኛው ላይ ከሩቅ፣ ከገደል ውስጥ፣ አንድ የደከመ ድምፅ መጣ።

«አለሁ... አለሁ... እታለም፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሰማሁ» አለች ዘርፌ። እንባዋ ግን ቀድሟት ነበር። ኩምሳ ዓይኑን ሰብሮ ሽቦው ላይ ቀይ ክር አሰረበት።

ሁለተኛው ፈተና ይህ ነው። ሳጥኗ ሁለት ቀዳዳ ነበራት። ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ኩምሳ የወንዙን ሽቦ አየ፤ ከውጭ የሚመጣ ሽቦ ነው። ስለዚህ የውጭ መስመር በሚገባበት ቀዳዳ ሰካው። ደወለ፤ አልጠራም። ነቀለ፣ ሰካ፤ አልጠራም። ኮምፒዩተሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ቁጥር ለወጠ፤ አልጠራም። ዓርብ መሸ፣ ቅዳሜ ጠባ። ከደጅ ሁለት ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ምሰሶው ሥር ተቀምጠው ነበር። አንደኛው መጥረቢያውን ይስላል፤ ድምፁ እስከ ውስጥ ይሰማል።

ኩምሳ ላቡን ጠረገ። «እትዬ ዘርፌ፣ የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁ» አለ። ዘርፌ ምን አለች? ምንም አላለች። ጆሮዋን ሰጠች፤ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ ይህ ቀዳዳ የሚጠብቀው ማንን ነው?»

«ከስልክ ጣቢያ የሚመጣ መስመር ነው። ኃይል ይዞ የሚመጣ።»

«አያ ጓንጉል ስልክ ጣቢያ ነው እንዴ? አያ ጓንጉል እኮ አንድ እጀታ ነው የያዘው። ኃይሉን የምትልክለት የኔ ማዞሪያ ነበረች። እሷ ከተነሳች ማን ይልክለታል? ሁለታችሁም ከዚያኛው ወገን ኃይል ስትጠብቁ ትውላላችሁ።»

ኩምሳ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሌላው ቀዳዳ ለስልክ ኃይል የሚልክ ነበር። ስድስት ዓመት የተማረ ሰው፣ ሽቦው ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ እንጂ ጫፉ ላይ ምን አለ ብሎ አልጠየቀም። ሽቦውን ነቀለ። በሌላው ቀዳዳ ሰካ። ደወለ። ጠራ! አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ በሦስተኛው ተነሳ። «አለሁ!» አለ አያ ጓንጉል፤ ድምፁ በአዲሱ ስልክ ጥርት ብሎ ወጣ። አቶ ልሳነወርቅ ሳቀ፤ መጥረቢያ የያዙትን ሰዎች አሰናበታቸው።

ሁሉም ሲደሰት ዘርፌ አልተደሰተችም። «መብራት ሲጠፋስ?» አለች።

ኩምሳ የሳጥኗን የመብራት ገመድ እስከ ግድግዳው በዓይኑ ተከተለ። «መብራት ሲጠፋ ሳጥኗም ትጠፋለች» አለ። «የሚያቆያት ባትሪ ከከተማ በሚቀጥለው ወር እልካለሁ።» ሻንጣውን ዘጋ። በር ላይ ሲደርስ ተመልሶ መጣ። «እስከዚያ ድረስ ያንን የመፈተሻ እጀታ አስታውሺ። ሽቦ፣ ባትሪና እጀታ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ግን አይጠራም፤ ሰው ጆሮውን ካልደቀነበት አይሰማም» አላት። ዘርፌ ከተነቀለው ማዞሪያ የራሷን አሮጌ እጀታ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የሳቁባት ነበሩ።

ሦስተኛው ፈተና በነሐሴ መጣ። ማክሰኞ ነበር። ገበያው ሞልቶ ነበር። ከተማው ላይ ፀሐይ ነበር፤ ደጋው ግን ጠቁሮ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ከሩቅ አጉረመረመ፤ መብራት ጠፋ። የሳጥኗ አረንጓዴ ዓይን ጠፋ። አዲሶቹ ስልኮች ሁሉ ዲዳ ሆኑ። ሞባይሉም ከመብራቱ ጋር ሄደ።

«መብራት ይመጣል፤ ትንሽ እንታገሥ» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

«ውሃው ይታገሣል ወይ ጌታዬ? የሞተር ብስክሌትዎን ባትሪ ይስጡኝ።»

አቶ ልሳነወርቅ ያንን ሞተር ይወደው ነበር፤ በየጧቱ በጨርቅ ይወለውለዋል። ዘርፌን አየ። ደጋውን አየ። ወጣና በገዛ እጁ ባትሪውን ፈታ፤ ሸሚዙ ጥቁር እስኪሆን ታገለ፤ አምጥቶም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ዘርፌ ቀይ ክር የታሰረበትን ሽቦ ከሳጥኗ ነቀለች። ጫፉን በጥርሷ ላጠች። አንዱን ከባትሪው፣ ሌላውን ከእጀታው፣ እጀታውን ከባትሪው አያያዘች። ጆሮዋ ላይ ደቀነች። ዝም ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። «አለሁ» አልተባለም።

ሞላልኝ ጡሩምባውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። «እትዬ ዘርፌ፣ ልንፋው?» አለ።  ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ በከንቱ ተነፍቶ ገበያተኛው ዕቃውን ጥሎ ሮጦ ነበር፤ ሲመለስ የተሰረቀበት ብዙ ነው። ዳግመኛ በከንቱ ከተነፋ ማን ያምናል? ካልተነፋስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሽቦው ተበጥሶ እንደሆነስ? ዘርፌ ዘውገን አሰበች።  እጀታውን ግን ከጆሮዋ አላነሳችም። ምን አለች? ምንም አላለች። ጆሮዋን ሰጠች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሽቦው ቀጭ አለ። የሚያለከልክ ትንፋሽ መጣ።

«አለሁ!»

«ሰማሁ!»

«ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ሳየው ነበር። መጣ እታለም! በሩን ሞልቶ መጣ! አስነፊው!»

ዘርፌ በግራ እጇ ለሞላልኝ ምልክት ሰጠች። ሞላልኝ ሮጠ። አፋፉ ላይ ቆሞ ነፋ፤ ደረቱ እስኪሰነጠቅ ነፋ። የእድር ጡሩምባ ሰው ሲሞት ነው የሚነፋው። ያን ቀን ሰው ሳይሞት ተነፋ። ገበያተኛው ሽንኩርቱን ጣለ፣ ዶሮውን ጣለ፣ ሕፃኑን አዘለ፣ ሽማግሌውን ጎተተ፤ ዳገቱን ወጣ። የመጨረሻዋ ሴት አፋፉን ስትይዝ ውሃው ደረሰ። ዳሱን ወሰደ፤ ጨዉን ወሰደ፤ በርበሬውን ወሰደ። ሰው ግን አንድም አልወሰደም።

«አያ፣ አንተስ?» አለች ዘርፌ በእጀታው። ከወዲያ አንድ ነገር ሲናድ ተሰማ። ከዚያ ሽቦው ዝም አለ።

ሰዉ ሊያመሰግናት እየተግተለተለ መጣ። እናቶች እግሯ ላይ ወደቁ። እሷ እጀታውን አላስቀመጠችም። «አያ፣ አለህ?» ትላለች። ዝም ነው። መብራት መጣ። አቶ ልሳነወርቅ ሽቦውን ወደ ሳጥኗ ይመልሱ ብሎ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ዘጋው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። መሸ። ነጋ። «አያ፣ አለህ?» ዝም ነው። ያ ሽቦ ከላይ መበጠሱን ሁሉም አውቆት ነበር። እሷም አውቃው ነበር።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ላይ በሩን አንድ ሰው ሞላው። ጭቃ ነው ከላይ እስከ ታች። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ጎጆዋን ውሃው ሲወስዳት ገደሉን በጥፍሩ ቧጦ የወጣ፣ ሌሊቱንና ግማሽ ቀኑን የተጓዘ አያ ጓንጉል ነበር። በር ላይ ቆመ። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። እህቱን አየ።

«አለሁ» አለ።

«ሰማሁ» አለች ዘርፌ። እጀታውንም ያን ጊዜ አስቀመጠችው። ጆሮዋ አብጦ ሳምንት ሙሉ በዚያ ወገን አልሰማችም ይባላል።

ምሰሶዎቹ አልተቆረጡም። ጎጆዋ ከፍ ብላ ተሠራች፤ ሽቦው ተቀጠለ፤ የከተማውም ባትሪ መጣ። ዘርፌም አርጅታ በሰላም አረፈች። አቶ ልሳነወርቅ ግን ያንን የሞተር ባትሪ ለሞተሩ አልመለሰም፤ ከሳጥኗ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አኖረው።

ስለዚህ በሸንበቆ በር ዛሬም መብራት ሲጠፋ ሻማ ለመፈለግ የሚቸኩል የለም። በየቤቱ፣ በየጠጅ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ መጀመሪያ አንዱ በጨለማው ውስጥ «አለሁ» ይላል። ቀጥሎ ያለው «ሰማሁ፣ አለሁ» ይላል። እንዲህ እያለ ቤቱን ይዞራል። ልጆች ሲስቁ እናቶች «ተዉ፣ መብራት ሲጠፋ ዘርፌ ትሰማለች» ይሏቸዋል። ዝም ያለ ሰው ካለም ሻማው ይቆያል። መጀመሪያ ሰውየው ይፈለጋል።