የሸለቆው አህዮች ሰልፍ

አንድ ጊዜ፣ በንጉሥ አንበሳ ግዛት ውስጥ፣ አህዮች ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስተዳድሩበት ለምለም ሸለቆ ነበራቸው። ዳኛቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ የምንጩን ተራ ራሳቸው ያወጣሉ። ታዲያ አንድ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ የሸለቆው ሹም ጅብ ነው» የሚል አዋጅ ከቤተ መንግሥት መጣ።

ዳልቺት የምትባለው እናት አህያ ይህን ስትሰማ፣ ገና መቆም የጀመረ ውርንጭላዋን ወደ ጎኗ አስጠጋች።

አህዮቹ ነቅለው ወጥተው የሸለቆውን በር ዘጉ። አሰላለፋቸው የቆየ ነው፤ ውርንጭሎች መሐል፣ ጭንቅላት ወደ ውስጥ፣ የኋላ እግር ወደ ውጭ። «ሸለቆው የእኛ ነው!» እያሉ ሲያናፉ ተራራው አስተጋባ።

ጅብ ለሃጩን እያዝረበረበ ከተፍ አለ።

«አይዟችሁ፣ ላስተዳድር ነው የመጣሁት። እ... ከወፍራሟ ልጀምር?»

የዳልቺት ኮቴ አገጩ ላይ አረፈ። ጥርሱን እየተፋ የንጉሡ መልእክተኛ ወደሆነው ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«አያ ቀበሮ፣ እነዚህ እኮ ቂጥ ብቻ ናቸው፤ ፊት የላቸውም!»

«አንተ ጅል! ይሉኝታ ግን አላቸው። ዘመዶችህን ሰብስብና ቁጥቋጦው ውስጥ ጠብቀኝ።»

ቀበሮ ብቻውን ሄዶ ሽማግሌውን አህያ አባ ጉራችን እጅ ነሳ።

«አባባ፣ ንጉሡ ራሳቸው አቤቱታችሁን ሊሰሙ እየመጡ ነው። ለንጉሥ ጀርባ ይሰጣል እንዴ? አሳዳጊ የበደላቸው ይሏችኋል እኮ!»

በሸለቆው ለእንግዳ ጀርባ መስጠት ትልቅ ነውር ነበር። የአባ ጉራች ጆሮ በኀፍረት ወደቀ።

«ልጆቼ፣ ዙሩ።»

«አባባ፣ ያለን ጉልበት እኮ የኋላ እግራችን ነው!» አለች ዳልቺት።

«በዚህ ዕድሜዬ አታሰድቢኝ!»

«ልጄ መሐል ነው፣ አባባ!»

«ዙሪ አልኩሽ!»

ሌሎቹ አንድ በአንድ ዞሩ። ብቻዋን ስትቀር ዐይን በዛባት፤ እሷም ዞረች። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ንጉሡን ጠበቁ።

ንጉሡ አልመጣም። የመጣው የጅብ መንጋ ነው። ዳልቺት ልትዞር ስትል፣ የሚራወጡት ወገኖቿ ከግራ ከቀኝ አጣበቋት። እንደ ምንም ስትላቀቅ ውርንጭላዋ የቆመበት ቦታ ላይ ደም ብቻ ቀርቷል።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሸለቆው ጭጭ አለ።

«ለንጉሡ ምን ልበላቸው?» አለ ቀበሮ።

ጅብ የጎረሰውን ሳይውጥ መለሰ፤ «መረጋጋት ሰፍኗል በላቸው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለመብቱ የቆመ ሕዝብ በይሉኝታ አሰላለፉን ካፈረሰ፣ ጨዋነቱን የሚያመሰግንለት ሳይሆን ራሱን የሚበላ ጅብ ብቻ እንደሚያገኝ ነው።